ከአፋቸው ያልወጣው ቃል

ባለፈው ሳምንት ከሥራ ስወጣ ዝናብ ያዘኝና በአንድ ልብስ ሰፊ ቤት በረንዳ ሥር ተጠለልኩ። መብራት ጠፍቶ ስለነበር ሰውየው የከሰሉን ካውያ አውጥቶ፣ በሱሪ ላይ እርጥብ ጨርቅ አንጥፎ ይተኩስ ነበር። ብረቱ ጨርቁን ሲነካ አንድ ረዘም ያለ ትንፋሽ የመሰለ ድምፅ ወጣ። ከዚያ እንፋሎቱ፣ ከእንፋሎቱ ኋላ ሽታው መጣ፤ የሞቀ ሱፍ፣ ትንሽ ከሰል፣ ትንሽ ደግሞ ስሙን የማላውቀው ነገር። ዝናቡ ካባራ በኋላም እዚያው ቆሜ ቀረሁ።

ደስታም ሐዘንም አልተሰማኝም። ይህን አስቀድሜ የምነግርህ፣ ሰው ስለ ወጣትነቱ ሊናገር አፉን ሲከፍት አድማጩ ልብ የሚነካ ነገር ስለሚጠብቅ ነው። የእኔ ስሜት ጥርሱን ተነቅሎ የወጣ ሰው የደነዘዘ ከንፈሩን በጣቱ ሲነካ የሚሰማውን ይመስላል። ቦታው እንዳለ አውቃለሁ፤ የእኔ መሆኑንም አውቃለሁ።

ሽታው በመለሰኝ ዘመን እዚሁ ሀዋሳ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበርኩ። ሎጂክ የሚያስተምረን መምህር ቀጭን፣ ቃሉን ቀስ እያደረገ የሚያወጣ ሰው ነበር። አንድ ጠዋት ሰሌዳው ላይ «ዛሬ ዓርብ ነው፤ ስለዚህ ሥጋ የለም» ብሎ ጻፈና ወደ እኛ ዞረ።

«በእነዚህ በሁለቱ መካከል ማን ተደብቋል?»

«ሉካንዳው!» አለ ከፊት የተቀመጠ ልጅ።

ክፍሉ በሳቅ ተናወጠ፤ መምህሩም ሳቀ። ሳቁ ሲበርድ ግን፣ እዚያ ክፍል ውስጥ ካለነው ገሚሱ ዓርብ ዓርብ ሥጋ የሚበላ መሆኑን አስታወሰንና ዓረፍተ ነገሩን የጻፈው ሰው ሁሉም እንደ እሱ ይጾማል ብሎ እንደገመተ አሳየን። ሰው ከሚከራከረው ግማሹን አይናገረውም አለን። ሰሚው ያውቀዋል ብሎ የሚተወው መነሻ አለ፤ ስህተትም ተንኮልም ብዙ ጊዜ የሚያድሩት እዚያ ውስጥ ነው። «ያልተነገረውን አውጡት፤ አውጥታችሁ ፀሐይ ላይ አስጡት» ያለን ይመስለኛል። ይህን ያለው እሱ ይሁን፣ ወይስ እኔ ኋላ ለራሴ ያልኩት፣ ዛሬ እርግጠኛ አይደለሁም።

የቤት ሥራ ብሎም በየቀኑ አንድ የሰማነውን ንግግር እንድንጽፍና ከሥሩ ያልተነገረውን መነሻ እንድናወጣ አዘዘን። የክፍል ጓደኞቼ ፈተናው ሲያልፍ ረሱት። እኔ ግን ደብተሬን ይዤ ቀጠልኩበት። የባጃጅ ሾፌር «ደመናውን አታየውም እንዴ ወንድሜ?» ሲለኝ፣ ዝናብ ሲመጣ ዋጋ መጨመር ተገቢ ነው ማለቱ እንደሆነ እጽፋለሁ። የፎቶ ኮፒ ቤቷ ልጅ «ከየት ነህ?» ብላኝ «እዚሁ ነው የምኖረው» ስላት «አይ፣ ከየት ነህ ነው የምልህ» ስትል፣ እዚህ ከተማ የሚኖር ሰው የግድ ከሌላ ቦታ መጥቷል ብላ እንደምታስብ እጽፋለሁ። ደብተሩ ሲሞላ ሌላ ገዛሁ። የሰውን ንግግር ከላዩ ገፍፌ ውስጡን የማየው ይመስለኝ ነበር። ዕድሜዬ ሃያ ምናምን ነበር፤ ይህን ለማስተባበያ ሳይሆን ለመረጃ ያህል ነው የምነግርህ።

እሷን ያወቅኋት በዚያ ደብተር ምክንያት ነው። ቤተ መጻሕፍት ውስጥ አጠገቤ ተቀምጣ ሳለ አንገቷን ሰገግ አድርጋ አነበበችው። የከተማው ልጅ ነበረች፤ ከቤተሰቦቿ ጋር እየኖረች አካውንቲንግ ትማር ነበር።

«አንተ ሰው ያለውን አትሰማም እንዴ?» አለችኝ።

«ያለውንማ ማንም ይሰማል።»

«አቤት ጉራ! እሺ፣ አሁን እኔ ምን ሳልል ቀረሁ?»

ደብተሬን ገለጥኩ።

«ሻይ ጋብዘኝ ነዋ፣ ሰነፍ!» ብላ ቦርሳዋን አነሳች።

ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ሐይቅ ዳር ተመላለስን። ከሰዓት በኋላ ውሃው የቆርቆሮ ቀለም ሲይዝ፣ የዓሣው ሽታ ከነፋሱ ጋር ሲመጣ፣ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች እንደ ጡረተኛ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው የሚሄዱ ሲመስሉ፣ እኛ ስለ ሁሉ ነገር እናወራ ነበር። ስለ አንድ ነገር ግን አናወራም። እሑድ ጠዋት ከየመንገዳችን መጥተን አደባባዩ ላይ እንገናኛለን፤ እሷ መዝሙር ወደምትዘምርበት ወደ ፕሮቴስታንት ቤተ ክርስቲያኗ፣ እኔ ወደ ቅዳሴ እንለያያለን። ነጠላዬን አስተካክላልኝ ነበር የምትሄደው። ከሰዓት በኋላ ስንገናኝ «እንዴት ነበር?» የሚል የለም። ለሁለት ዓመት ያህል በዚያ ዝምታ ውስጥ ቤት እንዳለው ሰው ኖርን፤ እኔም የማንንም ዝምታ የምመዘግበው ሰው፣ ይህንን አንድም ቀን ደብተሬ ላይ አላሰፈርኩትም።

ስመረቅ በረዳት መምህርነት እንደምቀር ተነገረኝና ሽማግሌ ላክሁ። ዘመዶቼ ሰሜን ሸዋ ስለሆኑ ሽማግሌዎቼ እዚሁ የተገኙት ናቸው፤ የሎጂክ መምህሬ፣ የመኝታ ክፍል ጓደኛዬ አጎትና አንድ ጡረታ የወጡ የግቢው ሠራተኛ። እናቴ በስልክ «ማተብህን እንዳትበጥስ እንጂ፣ ሌላውን አንተ ታውቃለህ» አለችኝ። ያንን ክር በሕፃንነቴ አንገቴ ላይ ያሰረችው እሷ ናት። አልበጥስም አልኳት፤ ከልቤ ነበር።

የልጅቷ አባት ልብስ ሰፊ ነበሩ፤ የቤተ ክርስቲያናቸውም ሽማግሌ። ከሲዳማ ገጠር በወጣትነታቸው መጥተው፣ ከገበያው ጀርባ ባለች ጠባብ ሱቅ አምስት ልጆች ያሳደጉ ሰው ናቸው። ሽማግሌዎቼን በክብር ተቀብለው «ሰምተናል። ጸልየን መልስ እንሰጣለን» አሉ። ሁለት ሳምንት ምንም ሳይሰማ ቀረ። በሦስተኛው ሳምንት እሷ በሩጫ መጣች።

«አባዬ ይምጣና ልለካው ብሏል!»

«ምኑን ነው የሚለኩኝ?»

«ሱፍ ነዋ! የታላቅ እህቴንም ባል ጠርቶ ለክቶታል። አይገባህም እንዴ? እሱ አዎ ብሎ አያውቅም፤ ይለካል።»

የመኝታ ክፍል ጓደኛዬ ወሬውን ሲሰማ ከአልጋው ዘሎ ወረደ። የሲዳማ ልጅ ነው፤ ሕግ ነበር የሚያጠናው። «ከለኩህማ አለቀ» አለኝ። «አንድ ነገር ብቻ እለምንሃለሁ፤ ያንን ክፉ ደብተርህን እዚህ ትተህ ሂድ።» ደብተሩን ትቼ ሄድኩ። በእርግጥ ትቼው እንደሄድኩ አስታውሳለሁ።

ሱቁ በቆርቆሮ የተሠራ ነበር። ከምሳ በኋላ ይመስለኛል፤ ፀሐይ በምስማር ቀዳዳዎቹ ገብታ ወለሉ ላይ ክብ ክብ ብርሃን በትናለች። የስፌት መኪናው ቆሟል። ካውያው የጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ይግላል፤ ያ ሽታ ቤቱን ሞልቶታል። ከበሩ አጠገብ አግዳሚ ወንበር አለ። አግዳሚው ላይ አንድ ሽማግሌ ሰው ሱሪያቸው እስኪተኮስ ተቀምጠው ይጠብቁ ነበር፤ የአባትየው የቤተ ክርስቲያን ባልደረባ። ወደ እኚህ ሰው በኋላ እመለሳለሁ፤ በእርግጥ እዚያ ስለመኖራቸው ራሴን ብዙ ጊዜ ጠይቄያለሁና።

«ግባ፣ ልጄ፣ ግባ» አሉኝ አባቷ። አማርኛቸው አጭርና የጠራ ነበር። «ከስተሃል። እዚያ ግቢ ምግብ አይሰጧችሁም እንዴ?»

«ይሰጡናል ጋሼ፤ ሽሮ ነው እንጂ።»

«ሽሮማ ሱፍ አይሞላም» ብለው ከት ብለው ሳቁ።

ትከሻዬን ለኩ፣ ክንዴን ለኩ፣ ደረቴን ለኩ። እያንዳንዱን ቁጥር ድምፃቸውን ሳያሰሙ በከንፈራቸው ብቻ ብለው በአሮጌ ማስታወሻቸው ላይ ያሰፍራሉ። የጥቁር ሱፍ ቁራጭ ትከሻዬ ላይ ጥለው በጠመኔ ምልክት አደረጉ። ጠመኔው ከጨርቁ አልፎ ሸሚዜን ነካው። ከዚያ «ሸሚዙንም እኔው ነኝ የምሰፋው» ብለው ወደ አንገቴ መጡ።

እዚህ ላይ ቀስ ልበል። ሜትሩን በአንገቴ ዙሪያ ሲያሳልፉ ጣታቸው ማተቤን ነካው። እጃቸው ለአፍታ ቆመ። ከዚያ በሌባ ጣታቸው ክሩን ቀስ አድርገው ወደ ላይ አነሱና ሜትሩን ከሥሩ አሳለፉት። ክሩን መልሰው በቦታው አስቀመጡት። የሜትሩን ቁጥር አየሁ፤ የጻፉትንም አየሁ፤ የጻፉት ሜትሩ ካሳየው ትንሽ የሰፋ ነበር። ዛሬ የማውቃቸው ልብስ ሰፊዎች ለአንገት ሁልጊዜ አንድ ጣት ይጨመራል ይሉኛል። ሊሆን ይችላል። ፊታቸው ላይ ግን ምንም አልነበረም፤ ምንም አላሉም።

ሜትሩን አንገታቸው ላይ ጣሉትና ጥቂት ስፒሎች በከንፈራቸው መካከል እንደያዙ፣ «እሑድ ይደርሳል። ለብሰኸው ከእኛ ጋር ወደ ቤተ ክርስቲያን ትመጣለህ። ሰው ይይህ» አሉኝ።

እንዳልዋሽህ፣ ያን ጊዜ የተሰማኝ ደስታ ነበር፤ የመመረጥ ደስታ ግን አልነበረም። ድንጋይ ገልብጦ ከሥሩ የሚንቀሳቀስ ነገር ያገኘ ሰው ደስታ ነበር። አማች የሚሆን ሰው በእሳቸው የተሰፋ ሱፍ ለብሶ ከቤተሰቡ ጋር እሑድ ረፋድ እዚያ ከታየ፣ ያየው ሁሉ ምን ይላል? የእነሱን እምነት ተቀብሏል ይላል። ይህን ሳይናገሩ ሊያስፈርሙኝ ነው ብዬ አሰብኩ። ያልተነገረው መነሻ እንደ መዳፌ ታየኝ።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት?»

«ጠይቅ።»

«እሑድ እዚያ ከመጣሁ ሃይማኖቴን ቀየርኩ ማለት ነው?»

ስፒሎቹን ከአፋቸው አንድ በአንድ አውጥተው ጨርቅ ላይ ሰኩ።

«እኔ እንደዚያ አልኩህ?»

«አላሉም። ግን ካሉት ውስጥ አለ።»

«ልጄ፣ ከአፌ ያልወጣውን ለምን ታስወጣኛለህ?»

«ከአሁኑ ግልጽ ይሁን ብዬ ነው፤ በኋላ ቅሬታ እንዳይመጣ።»

«ተወው። ልብሱ ይድረስ። እሑድም ይምጣ።»

ድምፃቸው ውስጥ ልመና ነበር። ይህን ዛሬ ነው የምለው፤ ያኔ የሰማሁት ማምለጥ ነበር። ተከራካሪህ ሲያፈገፍግ አትልቀቀው የሚል ሕግ የት እንደተማርኩ አላውቅም፤ ከመምህሬ እንዳልሆነ ግን እርግጠኛ ነኝ። እናቴን አሰብኩ። ክሩን አሰብኩ። ትክክል ነኝ ብዬም አሰብኩ። ከዚያ ከአፌ ይህ ወጣ፦

«ካልመለሱልኝ ጋሼ፣ ዝምታዎን አዎ ማለትዎ ነው ብዬ ነው የምወስደው።»

አግዳሚው ላይ የነበሩት ሰው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። አባቷ ወደ እሳቸው ዞረው በቋንቋቸው፣ በሲዳሙ አፎ፣ አንዲት አጭር ነገር ጠየቁ፤ ሰውየውም በአንድ ቃል መለሱ። ከዚያ አባቷ ወደ እኔ ተመልሰው፣ ቆመው፣ እንደ ሽማግሌ ቃል ሰጡ።

«እንግዲያው አዎ። ልጄን የምሰጠው በጌታ ቤት አብሮን ለሚቆም ሰው ነው። ትቆማለህ?»

«አልችልም» አልኩ።

ሱፉን ከትከሻዬ አነሱና አጥፈው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። ልወጣ ስዞር «ቆይ» አሉኝ። ሸሚዜ ላይ የቀረውን የጠመኔ ምልክት በመዳፋቸው ሁለት ሦስት ጊዜ አራገፉልኝ፤ ምልክቱ እስኪጠፋ። «ሂድ፣ ጌታ ይባርክህ» አሉኝ።

ወደ ግቢ የተመለስኩት በእግሬ ነው። ጓደኛዬ በረንዳው ላይ ቆሞ ይጠብቀኝ ነበር። ሁሉንም ነገርኩት፤ እንደ ድል ባይሆንም እንደ ትክክለኛ ስሌት። ሲሰማኝ ቆየና፣

«ማተብህን አዩት?» አለኝ።

«አዩት። አንስተው ከሥሩ ለኩ።»

«ከዚያስ ምን አሉ?»

«ምንም።»

«አንተ የተማርክ ደንቆሮ!» ብሎ እጁን ራሱ ላይ ጫነ። «መልሱ እኮ እሱ ነበር! እሑድ ሄደህ ትቀመጥ ነበር። ሰው ያይህ ነበር፤ የወደደ የወደደውን ይገምት ነበር። አንተ ከክርህ ጋር፣ እሳቸው ከክብራቸው ጋር ትኖሩ ነበር። ሽማግሌው በር ነው የተዉልህ፤ አንተ ግድግዳ መሆኑን በቃላቸው አስመሰከርክ።»

በሲዳሙ አፎ የተባለውን አጭር ነገር፣ ድምፁን እንደያዝኩት ያህል ልደግምለት ሞከርኩ። ጓደኛዬ ፊቱ ተለወጠ። በእነሱ ዘንድ ሽማግሌ ክብደት ያለው ነገር ከመናገሩ በፊት የተቀመጠውን ሰው «ሰማችሁ ወይ?» ብሎ እንደሚጠይቅ ነገረኝ። ከዚያ በኋላ የወጣ ቃል የተናጋሪው ብቻ አይደለም፤ የሰሚውም ነው፤ ብቻውን ሊያጥፈው አይችልም። እስከዚያች ጥያቄ ድረስ የነበረው ሁሉ በአንድ አባትና በአንድ ልጅ መካከል ነበር። ከዚያች ጥያቄ በኋላ ግን የመንደርና የማኅበር ሆነ።

መምህሬና የጓደኛዬ አጎት እንደገና ሄደው ለመኑ። «ልጁ ጥሩ ልጅ ነው» አሏቸው አባቷ። «ግን አስወጣኝ፤ ቃሌንም ሰው ሰምቷል።» መምህሬ ሲመለስ ዓይኔን አላየም። «አንዳንድ ክርክርን ደግፎ የሚያቆመው ባዶ ቦታው ነው» አለኝ። ይህን ለምን ክፍል ውስጥ እንዳልነገረን ልጠይቀው ፈልጌ ተውኩት። ዛሬ እኔ ራሴ ያንን ትምህርት አስተምራለሁ፤ ያንን ምዕራፍም ልክ እንደ እሱ አስተምረዋለሁ፤ ይህንን ግን ለተማሪዎቼ አልነግራቸውም።

አግዳሚው ላይ ስለነበሩት ሰው ልንገርህ ብዬ ነበር። ዓመታት ባለፉ ቁጥር ፊታቸው እየጠፋ ሄደ፤ አሁን የሚታየኝ ጉልበታቸው ላይ የተቀመጠ ባርኔጣ ብቻ ነው። አንዳንድ ጊዜ እሳቸውንም፣ በሲዳሙ አፎ የተባለውንም፣ «ሰው ሰምቷል» የሚለውንም እዚያ ያስቀመጥኩት እኔው ነኝ ብዬ እጠራጠራለሁ። አባቷ ቃላቸውን ማጠፍ ያልቻሉት ሰሚ ስለነበረ ከሆነ የእኔ ጥፋት ትንሽ ይቀላልና። ሰሚ ካልነበረ ግን፣ ያ ቃል ሊታጠፍ የሚችል ነበር ማለት ነው፤ እኔም አንድ ቀን፣ ብቻዬን፣ ያለ ሽማግሌ ተመልሼ ሄጄ «ጋሼ፣ አላሉም፤ እኔም አልሰማሁም» ማለት እችል ነበር። ይህን ለማጣራት ሃያ ደቂቃ የማይፈጅ መንገድ ብቻ ነበር የሚቀረኝ። አላጣራሁም።

እሷ ከሳምንት በኋላ ሐይቅ ዳር ጠራችኝ። ሰኔ ነበር፤ ሰማዩ ዝቅ ብሎ ውሃው ላይ ተኝቷል። ከአንድ ሾላ ሥር ቆመን ነበር። አላለቀሰችም። ቢሆንም ፊቷ ታጥቦ የመጣ ፊት ነበር።

«አባዬ ከዚያ ቀን ጀምሮ ማታ ማታ እህል አይቀምስም» አለችኝ። «ጥፋቱ የኔ ነው ይላል። የልጁን አንገት እየለካሁ ምነው ዝም ባልኩ ይላል።»

«እሳቸው ዝም ብለው ነበር» አልኳት።

«አውቃለሁ። ምነው አንተስ አንድ ቀን ብቻ ያልተባለ ነገር ሳይባል ቢያልፍህ?»

አንድ ጀልባ ሞተሩን አጥፍቶ ወደ ዳር ይንሸራተት ነበር፤ ሁለታችንም እሱን አየን።

«ሺህ ሰው ቢቃወምህ እከራከርልህ ነበር» አለች። «አባቴ ካለው ቃል ጋር ግን እንዴት እከራከራለሁ?»

ከዚያ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ወሬ እንደምትለውጥ ሁሉ፣ «ክረምቱን ይርጋለም አክስቴ ጋ ነኝ» አለችኝ። «ቤቷ ከገበያው ዝቅ ብሎ ነው። አረንጓዴ በር። ከበሩ ፊት ትልቅ አቮካዶ አለ። ማንም ቢጠየቅ ያሳያል።»

እያንዳንዷን ቃል አስታውሳለሁ፤ ወይም የማስታውስ ይመስለኛል። ክረምቱን የት እንደምታሳልፍ ብቻ ለሚነገረው ሰው የበሩ ቀለም አይነገረውም፤ የዛፉም ዓይነት አይነገረውም። ይህን የማይረዳ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ባገኝ አላሳልፈውም። ያን ጊዜ ግን ከሳምንት በፊት ከሰው ቃል ሥር ያወጣሁት ነገር ገና እጄ ላይ ነበር። ልምጣ ወይ ማለት ነው? ብዬ ብጠይቃት፣ እንደ አባቷ ብታፈገፍግስ? ሳልጠይቅ ብሄድስ፣ እንደገና ያልተባለውን ሰማሁ ማለት አይደለም? ስለዚህ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ያለውን ብቻ ሰማሁ።

«መልካም ክረምት» አልኳት።

አየችኝ። ሌላ ነገር የምጨምር መስሏት ይሆናል ትንሽ ጠበቀች። «ለአንተም» አለችና ወደ መንገዱ ወጣች። ባጃጅ አስቆመች፤ ሾፌሩን ምን እንዳለችው አልሰማሁም።

በዓመቱ ማግባቷን ጓደኛዬ ነገረኝ። ሱፉን ማን እንደሰፋ አልጠየቅሁትም። አባቷ ካረፉም ቆየ። ለቅሶው ላይ ከአጥሩ ውጭ ቆሜ ነበር፤ መዝሙሩ ረጅምና የሚያምር ነበር።

ያን ክረምት ይርጋለም አልሄድኩም። ከሀዋሳ ይርጋለም በሚኒባስ ቅርብ ነው፤ አንድ መጽሔት አንብበህ ሳትጨርስ ትደርሳለህ። ሁለት ጊዜ ግን መናኸሪያ ድረስ ሄጃለሁ። ሐምሌ ውስጥ አንዴ፣ ነሐሴ ውስጥ አንዴ። ነሐሴው ዝናባማ ነበር፤ ጭቃው ከናፍጣ ጋር ተቀላቅሎ ይሸታል፤ የሚኒባሶቹ መስታወት በሰው ትንፋሽ ደፍርሷል። ረዳቱ በሩን እንደያዘ «ይርጋለም! ይርጋለም! ሊወጣ ነው!» እያለ ይጮህ ነበር። ከውስጥ አንዲት ሴትዮ ልጇን ጭኗ ላይ ስባ ለአንድ ሰው የሚሆን ቦታ አስለቀቀች፤ ወደ እኔም ተመለከተች።

«ወንድም፣ ይርጋለም ነህ?» አለኝ ረዳቱ።

«አይደለሁም» አልኩት። «ሰው ልቀበል ነው።»

አመነኝ። በሩን በኃይል ዘጋው፤ መኪናው ሄደ። እኔም ሰው እንደሚጠብቅ ሰው እዚያው ቆየሁ፤ የሚቀጥለው ሞልቶ እስኪወጣ፣ ከዚያም ሌላኛው።